የስማዳ አይጥና የታጁራ ሻርክ

ከስማዳ ከተመለስኩ ወዲህ ጀልባው ላይ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነው። ጅቡቲ ተወልዶ ላደገ ሰው አየር እንዴት አጥንት ድረስ እንደሚገባ ማስረዳት ቀላል አይደለም። አንዷ ጓደኛዬ በመጨረሻ “እኔ እዚያ አገር መቼም አልደርስም፤ ከመነሻሽ ጀምረሽ በቅደም ተከተል ጻፊልኝ” አለችኝ። ስለዚህ መንገዱን፣ ያደርንበትን፣ የበላነውንና የደረሰብኝን እንደሆነው ጻፍኩላት።

ለማያውቀኝ አንባቢ ስሜ ሰናይት ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የምሠራው ጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡ ግዙፍ ሻርኮች አሉ። ፈረንጆቹ በዓሣ ነባሪ ስም ይጠሯቸዋል እንጂ ዓሣ ነባሪ አይደሉም፤ ጀርባቸው እንደ ጅግራ ላባ ነጠብጣብ ነው። እነሱን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን በጀልባ እንወስዳለን። መጀመሪያ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ኋላ ዋና ተማርኩና አሁን እንግዶቹን ይዤ ውኃ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ይርጋ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አገሩ ደቡብ ጎንደር፣ ስማዳ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ስንጋባ ወላጆቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። እናቱ እማማ የሽወርቅ ሥራዬን በስልክ ሲሰሙ “ከባሕር አውሬ ጋር የምትዋኝ ልጅ አገባሁ ነው የምትለኝ? ሬሳዋ እንኳ የማይገኝ?” ብለው ስልኩን ዘጉበት። ከዚያ በኋላ ከልጃቸው ጋር ታርቀዋል፤ ከእኔ ጋር ግን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ስንሰማ፣ የሻርኩ ወቅት እንዳለቀ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልንሄድ ተነሣን። ለእናቱ ድሬዳዋ ያሠራሁትን የሐበሻ ቀሚስ ይዣለሁ።

ማክሰኞ

ከባሕር ዳር በማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። እስከ ደብረ ታቦር ፀሐይ ነበረችና ሹራቤን አውልቄ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የጉናን ተራራ እየታከከ ሲወጣ፣ የድንች ማሳና የታጨደ ገብስ ቃርሚያ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ፣ አየሩ ተለወጠ። የለበስኩትን ሁሉ ደራርቤ የይርጋን ጃኬትም ነጠቅሁት።

“ገና ምን አይተሽ” አለኝ እየሳቀ። “ንፋስ መውጫ የሚባል ከተማ ነው የምናድረው።”

ከተማው ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከሚኒባሱ ስወርድ ንፋሱ ሻሼን ከራሴ ገፎ ወሰደውና አንድ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ባለ ባጃጁ ሳያውቅ ይዞት ነጎደ። መንገድ ዳር የቆሙት ሁሉ “ቁም! ቁም!” እያሉ ተከተሉት። እኛ ዘንድ ድሬ ቢሆን መጀመሪያ ይስቁብኛል፣ ከዚያ ይሮጡልኛል፤ እዚህ መጀመሪያ ሮጡ፣ ሻሼን ካስረከቡኝ በኋላ ሳቁ።

ያረፍንበት አልቤርጎ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ስንቀጠቀጥ አይተው ወደ ቤታቸው ገቡና የገዛ ጋቢያቸውን አምጥተው ከላይ እስከ ታች ጠቀለሉኝ። “ይህ የእንግዳ አይደለም እኮ፣ የእርስዎ ነው” ብላቸው፣ “ታዲያ እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ነሽ ያልለመድሽው” አሉኝ። ትኩስ ሽሮ በድስቱ እየተንተከተከ ቀረበልን። ድሬዳዋ ወጡ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን፤ እዚህ እንዳይቀዘቅዝ ይሽቀዳደሙበታል።

ረቡዕ

የይርጋ አባት መሪጌታ ደምሴ ታች ጋይንት ቤተ ልሔም ለጉዳይ መጥተው ስለነበር እዚያ ሊጠብቁን ተቀጣጥረናል። በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓ፣ የተማሩት እዚያ ገዳም ነው። ከዋናው መንገድ ወርደን ስንደርስ ከዛፍ ሥር ከቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ልስም ስል ቀና አደረጉኝና መስቀል አሳለሙኝ።

“ባሕረኛዋ አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባባ።”

“ጠፍተሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው መንገድ ላይ የጠበቅሁሽ” አሉና ጓደኞቻቸውን አሳቁ።

ቤተ ክርስቲያኑን አስጎበኙኝ። ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ነው፤ ውስጥ ሲገቡ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ሌላ ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ ይገኛል። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴ እስኪወጣ ቆይተን፣ ከካህናቱ አንዱ ቤት የገብስ ቂጣና የባቄላ ክክ ወጥ በላን። ሰውየው እንጀራ ባለመኖሩ ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ግን ቂጣውን ስጨርስ ሌላ ያቀርቡልኝ ዘንድ ዓይኔን ከመሶቡ አላነሣሁም፤ ገባቸውና ጨመሩልኝ።

ከዚያ ወደ ስማዳ በጭነት መኪና ተሳፈርን። እኔና አባባ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ውስጥ፣ ይርጋ ከላይ ከጆንያ ጋር። ከመንገዱ አጋማሽ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ መለወጫ አልያዘም ነበርና እስኪጣበቅ ድረስ በአቅራቢያው ያለ ገበሬ ከሙሉ ቤተሰቡ ጋር ወጥቶ ጠላና ቆሎ አቀረበልን። ጎማው ተጣብቆ መኪናው መገንጠያው ላይ ካወረደን በኋላ የቀረውን መንገድ በእግር ጨረስነው።

እማማ የሽወርቅ ደጃፍ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው እስኪበቃቸው አለቀሱ። እኔን ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝና “እንኳን ደህና መጣሽ፤ ግቢ” አሉ። አበሉኝ፣ እግሬን አሳጠቡኝ፣ ከሁሉ የሚሞቀውን መደብ አነጠፉልኝ። ፊቴን ግን አላዩም።

ሐሙስ

ጠዋት ራሴን ጠቃሚ ላደርግ ብዬ “ምን ልርዳዎት?” አልኳቸው። ቁና ሰጡኝና “ከጎታው ገብስ ቅጂ፤ ቆሎ እንቆላለን” አሉ። ጎታ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው፤ የእሳቸው ከእኔ ቁመት ይበልጣል። በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ ክዳኑን አነሣሁ፣ እጄን ሰደድኩ። አንዲት አይጥ በክንዴ ላይ ሮጣ በእጅጌዬ ገባች፤ በአንገቴ በኩል ወጣች።

ምን እንዳልኩ አላውቅም። ይርጋ በኋላ እንደነገረኝ ጩኸቴ ከወንዙ ማዶ ተሰምቷል። ከነበርጩማው ተገለበጥኩ፤ ቁናው ከነገብሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ፤ አንዱ ዱላ ይዟል።

“እባብ ነው? ነከሰሽ?” አሉ እማማ የሽወርቅ፣ ክንዴን ይዘው እያገላበጡ።

“አይጥ!” አልኩ። “አቦ፣ አይጥ ናት!”

እማማ የሽወርቅ እኔን አዩ፣ ጎታውን አዩ፣ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና ይስቁ ጀመር። ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ።

“ይህችው ናት ከባሕር አውሬ ጋር የምትዋኘው? በሉ ንገሩኝ፣ ይህችው ናት?”

ጎረቤቶቹም ሳቁ፤ እኔም ከወደቅሁበት ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችን ወለሉ ላይ ተንበርክከን ገብሱን ለቀምን። እሳቸው በሰፌድ ሲያበጥሩ እኔ ጠጠሩን ለየሁ። አብረን ስንሠራ የመጀመሪያችን ነበር።

ራት ላይ ዶሮ ተሠርቶ ነበር። መሪጌታ እጃቸውን እየታጠቡ “እስቲ ሰናይት፣ አይጧንና ሻርኩን አስተያይልን። እንደ ጉባኤ እናድርገው፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ” አሉኝ።

“እሺ፣ አባባ።”

“ቁመቱ?”

“እኛ ዘንድ የሚመጡት ገና ልጆች ናቸው። የዚህ ቤት ወርድ ያህል ይሆናሉ። ያደጉት የዚህን ሁለት ሦስት እጥፍ ነው።”

“አፉስ?”

“ሲከፍተው ጥጃ አስተኝተው የሚዘጉበት ይመስላል።”

“ጥርሱስ?” አሉ። እማማ የሽወርቅ ወጥ ማውጣታቸውን አቁመው ይሰማሉ።

“ጥርሱ ብዙ ነው፤ ግን አንዱ የሩዝ ፍሬ አያክልም። የማኘክ ሥራ የለውም። ከጥርስ ከጥርስ ዛሬ በእጅጌዬ የገባችው አይጥ ትበልጣለች። የእሷ ካልተሞረደ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ ለዚህ ነው እንጨት ሳይቀር የምትቆረጥመው። ሻርኩ ግን ውኃውን እየዋጠ የሚያጣራው ከጤፍ የማይበልጡ ነፍሳትን ነው።”

“እንግዲያ ነቢዩ ዮናስን የዋጠው ዐንበሪ ይህ አይደለም ማለት ነው።”

“አይችልም፣ አባባ። ጉሮሮው ብርቱካን ቢያሳልፍ ነው።”

መሪጌታ በደስታ ጭናቸውን መቱ። “ያ ሁሉ አፍ፣ በብርቱካን ጉሮሮ! እግዚአብሔር ሲያቅድ እንዲህ ነው። አይጧንስ በዚህች አካሏ ስንት ኩንታል ታጠፋብናለች!”

እማማ የሽወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ዓይኔን አዩኝ። “ታዲያ ምኑ ያስፈራል? ምንም?”

ምንም ብል ጥሩ ነበር። ግን እያዩኝ መዋሸት አልቻልኩም። “ጅራቱ ያስፈራል። ሳያስበው ቢመታኝ አጥንት ይሰብራል። ባሕሩም ራሱ አንዳንድ ቀን ይከፋል” አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። ይርጋን “አየህ?” አሉትና ድስቱን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። አልተመለሱም።

ዓርብ

ዕለቱን ሙሉ ከእማማ የሽወርቅ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ከሰዓት በኋላ መሪጌታ “ነይ አገር ላሳይሽ” ብለው ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰዱኝ። ከሥራችን ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየሆነ፣ እየራቀ ሲሄድ ሰማያዊ ይሆናል። ከታጁራ ውጭ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም፤ ይህንኑ ነገርኳቸው።

“የሽወርቅ ክፉ አይደለችም” አሉ ድንገት። “ደሳለኝን ነግሮሻል ይርጋ?”

“ታላቅ ወንድሙን? ዓረብ አገር እንደሞተ ነግሮኛል።”

“ዓረብ አገር አልደረሰም። ከጅቡቲ በጀልባ ሲሻገሩ ተገልብጠው ነው የቀረው። አፈር አላለበስነውም። እንግዲህ አንቺ በዚያው ውኃ እንጀራሽን እንደምታገኚ ስትሰማ...” አሉ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ይርጋን ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ “በየቀኑ ውኃውን የምታዪው አንቺ ነሽ። አያስችልሽም ብዬ ነው” አለኝ። ልቆጣው አሰብኩና ተውኩት።

ቅዳሜ

ቀሚሱን እሑድ ለቤተ ክርስቲያን እንዲለብሱት ልሰጣቸው ቦርሳዬን ከፈትኩ። ከቦርሳው ጎን የመዳፌን ያህል ቀዳዳ አለ። ከቀሚሱ ጋር ከጅቡቲ ያመጣሁትን ቴምር አብሬ ከትቼ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔው ነው። ቴምሩ አልቋል። የቀሚሱ የታችኛው ጠርዝ ተቦጭቋል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ከነጭ ፈትልና ከጥለቱ ቀለም የተሠራ ጎጆ፣ በጎጆው ውስጥ ጠጉር ያላበቀሉ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ ቀያይ የአይጥ ልጆች ተደራርበው ይርመሰመሳሉ።

ያን ዕለት አልጮኽኩም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቤት ወርድ ከሚያክል ሻርክ ጋር ስንት ወቅት ስዋኝ አንዲት ጭረት እንኳ አላገኘችኝም፤ በመዳፍ የምትያዝ አይጥ ግን ስጦታዬን በላችብኝ።

እማማ የሽወርቅ ድምፄን ሰምተው መጡ። ቀሚሱን አዩት። “የማን ነው?”

“የእርስዎ ነበር” አልኳቸው።

ጎጆውን ከነአይጥ ልጆቹ በአቧራ ማፈሻ አነሡና ወደ ድመቷ ይዘው ወጡ። የገበሬ ቤት ነው፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። ሲመለሱ መርፌና ክር፣ አንድ አሮጌ ነጠላም ይዘዋል። ከነጠላው ጥለቱን ቆረጡ፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ተቀመጡ፣ እኔንም “የዚያን ጫፍ ያዢልኝ” አሉኝ።

ጥቂት ከሰፉ በኋላ “አይጧ እንኳ ለልጆቿ ከሁሉ ለስላሳውን መርጣ አነጠፈች” አሉ። “ሻርኳስ የት ታስተኛቸዋለች?”

“አታስተኛም፣ እማማ። ወልዳ ትሄዳለች። ጡት የለ፣ ጎጆ የለ። ከተወለዱ ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው።”

መርፌው ቆመ። “ብቻቸውን? በዚያ ሁሉ ውኃ?”

“አዎ። ግን ተወልደው ሲወጡ ዓይናቸው የተከፈተ ነው፤ ዋናም ያውቃሉ። እንደ አይጥ ልጆች አቅመ ቢስ አይደሉም። እኛ ዘንድ ሲመጡ አድገው እናያቸዋለን። ለማንም ክፉ አይደሉም።”

መስፋታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በዝግታ “የእኔም ልጅ እዚያ ነው ያለው። ብቻውን” አሉ።

“አባባ ነገሩኝ። አላወቅሁም ነበር፣ እማማ። ባውቅ...”

“ብታውቂ ምን ታደርጊያለሽ? እንጀራሽ ነው።” ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና አዲስ ሰኩ። “ሥራሽን ተዪ ልልሽ ነበር ያሰብኩት። ይርጋንም ልጨቀጭቀው። ማታ ማታ ሳስበው ግን በዚያ ውኃ ላይ ከቤታችን ሰው የሚወጣ አንቺ ብቻ ነሽ።” ቀና ብለው አዩኝ። “ስትወጪ ስሙን ጥሪልኝ። ጮክ ማለት የለብሽም። ደሳለኝ ብለሽ ጥሪው።”

“እጠራዋለሁ” አልኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ቀሚሱንም ጨረስን።

እሑድ

እማማ የሽወርቅ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። የተጣፈው ጥለት ቀለሙ ከዋናው ጋር አይገጥምም፤ ሆኖም ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቡን።

“ከየት ነው ቀሚሱ?”

“ምራቴ ናት ያሠራችልኝ፤ ከድሬዳዋ።”

“ይህ ታችኛውስ?”

“እሱን አይጥ ናት የሠራችው” አሉ እማማ የሽወርቅ፣ ሳይስቁ። ከዚያም የጎታውን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩ፤ ጩኸቴን ራሱን እያስመሰሉ። ቀጥለው ስለ ሻርኩ ተናገሩ፤ የብርቱካን ጉሮሮውን፣ የሩዝ ጥርሱን። አንዲት ሴት “ይህማ ተረት ነው” ብትል፣ “ምራቴ ዓይኗን ከፍታ ያየችውን ነው የምነግርሽ” ብለው ተቆጧት። ያን ቀን በየቤቱ እየተጠራን ከሦስት ቤት ምሳ በላን። ድሬዳዋ እንግዳን “ብላ” ይሉታል፤ እዚህ ራሳቸው ያጎርሱታል። ማምለጫ የለም።

ሰኞ

የምንመለሰው በእስቴ በኩል ነው። እማማ የሽወርቅ “መካነ ኢየሱስ እኅቴ ጋ ጉዳይ አለኝ፤ እዚያ ድረስ እሸኛችኋለሁ” አሉና አብረውን ተሳፈሩ። መሪጌታ ደጃፍ ላይ ረዘም ያለ ምርቃት መርቀው፣ በመጨረሻ “ያን ትልቁን ዓሣ እግዚአብሔር ይጠብቀው” ብለው ጨመሩበት። በሶና ድርቆሽ፣ አንድ ገንቦ ቅቤም አሸከሙን። ቅቤውን መንገድ ላይ ሙቀት ሲጀምር ምን ላደርገው ነው ብዬ ብጨነቅም እምቢ ማለት አይታሰብም።

መካነ ኢየሱስ የገበያ ቀን ነበር መሰለኝ፣ መናኸሪያው ሰውና በግ ተቀላቅሎበታል። የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ቦታ እስኪሞላ አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ይርጋ ቲኬት ሊቆርጥ ሄደ። እማማ የሽወርቅ ሻያቸውን ሳይነኩ ብርጭቆውን እያዞሩ ተቀመጡ።

“ከዚህ እስከ ድሬዳዋ ስንት ቀን ነው?”

“በአውሮፕላን ከሆነ ባንድ ቀን ይደረሳል፤ በመኪና ከሆነ መንገድ ላይ ይታደራል።”

“ከዚያስ እስከ ባሕሩ?”

“በባቡር ነው። ጠዋት ተነሥተው ማታ ይገባሉ።”

“ሙቀቱ እንደኔ ላለ ሰው ይቻላል?”

“በኅዳር ደህና ነው። እንደ ወይና ደጋ ነው ማለት አልችልም ግን።”

“ጾም ቢሆንስ? የጾም ምግብ ይገኛል? ቤተ ክርስቲያንስ ቅርብ ነው?”

ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩ። ይገኛል፤ ቅርብ ነው፤ ሐበሻ ሞልቷል። ይርጋ ከበር ላይ አውቶቡሱ ሊነሣ መሆኑን በእጁ አመለከተን። ተነሥተን ተሳሳምን። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁትም።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አሉኝ። “ከጀልባው ላይ ተቀምጦ፣ ሳይገቡ፣ ውኃውን በእጅ መንካት ይቻላል?”

“ይቻላል፣ እማማ” አልኳቸው። “ጀልባዋ ዝቅ ያለች ናት።”